“ኢምፒተስ” ከየት መጣ? የወሎ ልጅና የቃል ስር

ፈተና ሲቃረብ ደሴም፣ ወልድያም፣ ኮምቦልቻም የፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ በተማሪ ይጨናነቃል። ከሚባዙት ወረቀቶች አንዱ የቃላት ዝርዝር ነው። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው። ተማሪው ዛሬ ከላይ ወደ ታች ይሸመድደዋል፣ ነገ ከታች ወደ ላይ። ፈተናው ካለፈ በኋላ ብትጠይቁት አብዛኛው በኗል። ልጁ ሰንፎ አይደለም። ቃሉ የመጣበት ዘመድ አዝማድ እንደሌለው እንግዳ ሆኖ ነው። አገሩን፣ ወገኑን የማታውቀውን እንግዳ ስሙን ብቻ ይዘህ ማስታወስ ይከብዳል።

ዛሬ ከዚያ ዝርዝር አንድ ቃል መርጬ ልፈታው፦ “ኢምፒተስ”። በእንግሊዝኛ ንባብ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። የሰላም ድርድሩ አዲስ ኢምፒተስ አገኘ ይባላል። አዋጁ ለንግዱ ኢምፒተስ ሰጠው ይባላል። ዘመቻው ኢምፒተሱን አጣ ይባላል። ወረቀቱ ላይ “ገፊ ኃይል” ወይም “አነሳሽ ምክንያት” ተብሎ ይጻፋል። ፍቺው ልክ ነው። ችግሩ እዚያው ላይ መቆሙ ነው።

ለምን አንድ ቃል ላይ ይህን ያህል ትደክማለህ የሚል ይኖራል። የ12ኛ ክፍል ውጤትን እንይ። ከተፈታኙ መሐል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ወሎ ላይ ደግሞ ጦርነት ተጨምሮበታል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፣ ንብረታቸው ተዘርፏል። ከዚያ በኋላ በመጣው ግጭትም ብዙ ልጅ ከትምህርት ገበታ ርቋል። ይህን ሁሉ የቃል ስር በማስተማር እንፈታዋለን ማለት ቀልድ ነው። ቢሆንም ክፍል የተመለሰው ልጅ ፊዚክሱንም፣ ባዮሎጂውንም፣ ታሪኩንም የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ካልገባው መልሱን ቢያውቀውም ምን ይሠራለታል? ቃል እንዴት እንደሚማር መነጋገር ያለብን ለዚህ ነው።

ወደ ቃላችን እንሂድ። ላቲኑ “ኢምፔቱስ” ይባላል። ሁለት ነገር ገጥሞ የተሠራ ነው፦ “ኢን” እና “ፔቴሬ”። “ኢን” እዚህ ላይ “ወደ” ወይም “ላይ” እንደ ማለት ነው። “ፔቴሬ” ደግሞ ወደ አንድ ነገር አነጣጥሮ መሄድ ነው። መሻት፣ መፈለግ፣ መለመንም ይሆናል። ሲከፋም ማጥቃት ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ተንደርድሮ ሰው ላይ መውረድ የሚል ግስ ይወጣል። ኢምፔቱስ የዚህ ግስ ልጅ ነው።

ስለዚህ የጥንት ሮማዊ ቃሉን ሲሰማ በቅድሚያ የሚታየው ጦር ነበር። የሮማው የጦር መሪ ዩልየስ ቄሳር በጎል (በዛሬዋ ፈረንሳይና አካባቢዋ) ስላደረገው ዘመቻ ሲጽፍ ሠራዊቱ ጠላት ላይ ሲወርድ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ቀስ እያለ ትርጉሙ ሰፋ። የወንዝ ሙላት፣ የነፋስ ግፊያ፣ የሰው ስሜት ግለትም ኢምፔቱስ ተባለ። እንግሊዞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲወስዱት ውጊያው ወደ ኋላ ቀርቶ የሚገፋው ኃይል ጎልቶ ነበር።

እዚህ ላይ አማርኛችን ያለ ማንም አስተርጓሚ ይገናኘዋል። “ገፋ” የሚለውን ግስ ተመልከቱ። ከግዕዙ “ገፍዐ” ነው፤ በደለ፣ አስጨነቀ ማለት ነው። “ግፍ” የወጣው ከዚያ ነው። “ግፉዕ”፣ የተበደለው ሰው፣ ከዚያ ነው። ዛሬ ግን እናቶች እርጎ ይገፋሉ። ኑሮ ይገፋል። ዕድሜ ይገፋል። ፊዚክስ መምህሩ ሰሌዳው ላይ “ግፊት” ብሎ ይጽፋል። በአንድ ስር ላይ ግፍም ግፊትም በቅለዋል። ሮማውያን ዘንድ የሆነውም ይኸው ነው፤ ማጥቃት የነበረው ቃል ማንቀሳቀስ ሆነ። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ተማሪ ኢምፒተስን ለመርሳት ቢሞክርም አይሆንለትም።

አሁን ወደ ትንሿ “ኢም” እንመለስ፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እሷ ላይ ነው። “ፖሲብል” ይቻላል ከሆነ “ኢምፖሲብል” አይቻልም እንደሆነ ተምሯል። ስለዚህ “ኢም” ባየ ቁጥር “አይደለም” ብሎ ይተረጉማል። ላቲን ውስጥ ግን “ኢን” ሁለት ነው። አንዱ አፍራሽ ነው። ሌላው ወደ፣ ውስጥ፣ ላይ የሚል አቅጣጫ አመልካች ነው። “ኢምፖርት” ላይ ያለው ሁለተኛው ነው፤ ወደ አገር ማስገባት። ኢምፒተስ ላይ ያለውም እሱው ነው።

“ኢን” ለምን “ኢም” ሆነ ለሚል መልሱ አፋችን ውስጥ አለ። “ወንበር” ብለን ጽፈን ስንት ሰው ነው “ወምበር” የሚለው? “እንባ” እምባ ይሆናል። “አንበሳ” አምበሳ ይሆናል። ከንፈር ገጥሞ የሚወጣው “በ” ከፊቱ ያለውን “ን” ወደ “ም” ይስበዋል። ቁርኣን የቀራ ልጅ ይህን በስሙ ያውቀዋል። ተጅዊድ፣ የቁርኣን አነባበብ ሕግ፣ ሲማር “ኢቅላብ” ተብሎ ተነግሮታል፤ ሱኩን ያላት (አናባቢ የሌላት) ኑን፣ ማለትም “ን”፣ ባእ (“በ”) ስትከተላት ሚም (“ም”) ሆና ትነበባለች። ላቲኖች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ “ፐ”ም እንደ “በ” በከንፈር ስለሚወጣ። እንግዲህ የሐርቡ ወይም የከሚሴ ልጅ ይህን የላቲን ሕግ በሰባት ዓመቱ አውቆት ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ግን የነገረው የለም።

የቃሉ ቤተሰብስ? ሰፊ ነው። ግማሹን በየቀኑ እንጠራዋለን። ሰው ሲታመም “አፒታይት የለኝም” ይላል። ወደ ምግብ መሄድ፣ ምግብ መሻት ማለት ነው፤ ከ“ፔቴሬ” ነው። “ፔቲሽን” አቤቱታ ነው፤ መለመን ከሚለው ወገን። “ኮምፒቲሽን” አብሮ አንድ ነገር መሻት ነው፤ ሁለት ሰው አንድን ነገር ሲፈልግ ውድድር ይሆናል። ቴክኒክና ሙያ የተማረ ሁሉ የሚፈራት ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘና፣ አለች። በውስጧ ያለው “ኮምፒተንስ” የዚሁ ቤት ልጅ ነው፤ ከሥራው ጋር መግጠም፣ ለሥራው መብቃት። “ሪፒት” ማድረግ ደግሞ እንደገና ወደዚያው መሄድ ነው።

ከቤተሰቡ ደስ የማይልም አለ። ጤና ጣቢያ “ኢምፔታይጎ” የሚሉት የቆዳ ሕመም አለ። ብዙ ጊዜ ሕፃናትን አፍና አፍንጫቸው አካባቢ የሚያቆስል ነው። ላቲኖች ቆዳን እንደሚያጠቃ አይተው የሰየሙት ከዚሁ ከማጥቃት ግስ ነው። “ኢምፐቹየስ” የሚሉትም ሰው አለ፤ ሳያስብ የሚገባ፣ ግልፍተኛ። ሥሩን ለያዘ ሰው ይህን ለመገመት መዝገበ ቃላት አያሻም።

የቋንቋ ሊቃውንት ከላቲንም ወደ ኋላ ይሄዳሉ። መሮጥና መብረር የሚል አንድ ጥንታዊ ስር አለ ይላሉ። የላባ ስም የወጣው ከዚያ ነው፤ ጥንት የሚጻፈው በላባ ስለነበር “ፔን”ም ከዚያ መጣ። “ሄሊኮፕተር” ውስጥ ያለው “ፕተር” በግሪክ ክንፍ ነው፤ እሱም ከዚያው። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የኔ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ይህ ቃል ፊዚክስ ውስጥ ምን እንደሠራ ማየት እፈልጋለሁ።

ጥቅምት ላይ ቆላ ወርዳችሁ ማሽላ ሲያሸት ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ቆቦ በሉት፣ ቃሉ በሉት፣ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ይጠብቃሉ። እጃቸው ላይ ወንጭፍ አለ። አንደኛው ጫፍ ጣት ላይ ይጠለፋል፣ ሌላኛው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዛል። ድንጋዩ መሐል ማቀፊያው ላይ ይቀመጣል። ልጁ ከራሱ በላይ ያሽከረክረዋል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ይለቀዋል። ድንጋዩ እያፏጨ ይሄዳል፣ ግሪሳው ግር ብሎ ይነሳል።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ድንጋዩ ከወንጭፉ ከተለየ በኋላ ማን ነው የሚገፋው? ልጁ አልነካውም፣ ገመዱ አልነካውም። ታዲያ ለምን ወዲያው አይወድቅም?

አርስቶትል የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚገፋው አለው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ድንጋዩን የሚገፋው አየሩ ነው አለ። ወርዋሪው አየሩንም አብሮ ስላንቀሳቀሰው አየሩ ድንጋዩን ይዞት ይሄዳል ማለቱ ነው። ይህ ትምህርት ብዙ መቶ ዓመት ቆየ።

ፊት ለፊት ከተቃወሙት አንዱ በ6ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ የኖረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ነው። የኬልቄዶንን ጉባኤ ካልተቀበለው ወገን የነበረ ክርስቲያን ነው፤ በሥላሴ ላይ በጻፈው ግን በኋላ ተወግዟል። ፊሎፖኖስ አየር የሚገፋ ቢሆን ድንጋዩን ሳንነካው ከኋላው ያለውን አየር ብቻ ብናራግብ በተወረወረ ነበር ብሎ ሞገተ። ወርዋሪው ለድንጋዩ አንድ ኃይል ያሳድርበታል፣ ድንጋዩም በዚያ ይሄዳል አለ። የዚህ ሰው ቅጽል ሁልጊዜ ይገርመኛል። ግሪኮቹ “ግራማቲኮስ” ይሉታል፣ የሰዋስው ሰው። ዓረቦቹ “የሕያ አን-ነሕዊ” ይሉታል። ነሕው፣ ማለትም ሰዋስው! ወሎ ውስጥ በየሐሪማው፣ በየእስልምና ትምህርት ቤቱ፣ የሚቀራው ያው ነሕው። ስለ ድንጋይ ውርወራ የፍልስፍናን ታላቅ ሰው የሞገተው መሠረቱ ሰዋስው የሆነ ሰው ነው።

ከእሱ በኋላ ኢብን ሲና በ11ኛው ክፍለ ዘመን ሐሳቡን ወደ ፊት ወሰደው። በተወረወረው ነገር ላይ የሚያድረውን “መይል” አለው፣ ዝንባሌ። የሚቃወመው ነገር ከሌለ መይሉ አያልቅም ብሎም ጻፈ። ይህ በጊዜው እጅግ ሩቅ የሄደ አስተያየት ነው።

“ኢምፔቱስ” የሚለውን ስም ለዚህ ነገር አጽንቶ የሰጠው ግን የፓሪሱ ዣን ቡሪዳን ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1327 የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር፣ ማለትም ኃላፊ፣ ነበር። እኛ ዘንድ ዘመኑ የአፄ ዓምደ ጽዮን ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ አባ ኢየሱስ ሞዓ የመሠረቱት ትምህርት ቤት ያኔ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ደቀ መዛሙርት አፍርቶ ነበር። ቡሪዳን ምሳሌዎቹን ከቅርብ ነው የሚያመጣቸው። ድንጋይ ከላባ ይልቅ ሩቅ የሚወረወረው ለምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ግልጽ ነው፤ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ቁስ ስለሚበዛ ብዙ ኢምፔቱስ ይይዛል። ፍጥነቱ ሲጨምርም ኢምፔቱሱ ይጨምራል። ወንጭፉን ሁለት ዙር አሽከርክሮ የሚለቅና አምስት ዙር አፍጥኖ የሚለቅ ልጅ ልዩነቱን ያውቃሉ።

ሌላው ምሳሌው የሚዘል ሰው ነው። ሩቅ መዝለል የሚፈልግ ሰው ወደ ኋላ ይመለስና ሮጦ ይመጣል፤ በሩጫው ኢምፔቱስ ያጠራቅማል፣ እሱ አየር ላይ ይወስደዋል ይላል ቡሪዳን። ያ ሰው ሲዘል አየር ከኋላው ሲገፋው አይሰማውም፤ ይልቁንም ከፊቱ ሲከለክለው ይሰማዋል ብሎም ይጨምራል። እኛ ለዚህ አንድ ቃል አለን። መንደርደር። ቦይ ለመዝለል ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ የተነሳ ልጅ የሚያደርገው እሱን ነው። ኢምፒተስን “መንደርደሪያ ኃይል” ብሎ የሚተረጉም መምህር ከ“አነሳሽ ምክንያት” ይልቅ ወደ ሥሩ ይቀርባል። እኔ ብሆን ይህን እመርጣለሁ።

ዛሬ ፊዚክስ ይህን ሐሳብ አልፎታል። ጋሊልዮ ጀመረው፣ ኒውተን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1687 አጸናው። አንድ ነገር መንቀሳቀሱን ለመቀጠል የሚገፋው አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ፍጥነቱን ወይም አቅጣጫውን ለመለወጥ ነው። የወንጭፉን ድንጋይ የሚያወርደው የመሬት ስበት ነው፣ የሚያዘገየው አየር ነው። ውስጡ ያለ ኃይል አልቆበት አይደለም። ቡሪዳን ቁስና ፍጥነት ብሎ የለካው ነገር ሞመንተም ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ እሱ ግን እንቅስቃሴውን የሚያመጣ ምክንያት አድርጎ ነው ያሰበው። “ፔቴሬ” ደግሞ ኒውተን ዘንድ በሌላ በር ገባ። “ሴንትሪፔታል” የሚለውን ኃይል የሰየመው እሱ ነው፤ መሐሉን የሚሻ፣ ወደ መሐል የሚሄድ ማለት ነው። ወንጭፉ ገና እየዞረ ሳለ ድንጋዩን ወደ እጅ የሚስበው የገመዱ ኃይል ሴንትሪፔታል ነው። ይህን ቃል ከ“ሴንትሪፊውጋል” ጋር የማያምታታ ተማሪ ጥቂት ነው። አንዱ የሚሻ፣ አንዱ የሚሸሽ መሆኑን የነገሩት ግን አያምታታም።

ለክፍላችን ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ብዙ ተማሪ ዛሬም እንደ ቡሪዳን ነው የሚያስበው። ለምን ወደቀ ስትሉት “ጉልበቱ አለቀ” ይላል። በዓለም ዙሪያ ያሉ የፊዚክስ መምህራን የሚያውቁት ስሕተት ነው። የቃሉን ታሪክ የሚያውቅ መምህር ግን “ተሳስተሃል” ብሎ አያልፍም። “እንዳንተ ያሰቡ ታላላቅ ሰዎች ነበሩ፤ ለምን እንደተዉት ላሳይህ” ይላል። ልጁም አያፍርም፣ ይከተላል። እንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜና ፊዚክሱ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ሲደጋገፉ ማየት እናፍቃለሁ።

አብሽሩ፣ ላቲን ተማሩ እያልኩ አይደለም። ስር መፈልፈል ለወሎ አዲስ ሙያ አይደለም እያልኩ ነው። ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች፣ ከዋሸራ፣ ከጎንጅና ከዋድላ፣ አንዱ ዋድላ እዚሁ ሰሜን ወሎ ነው። የቅኔ ተማሪ ግስ ሲማር በስምንቱ አርእስተ ግስ ነው የሚጀምረው፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ። ሌላው ግስ ሁሉ ከነዚህ በአንዱ ይሰለፋል። ዳናን፣ ጌታን፣ ጀማ ንጉሥን የመሳሰሉ የትምህርት ማዕከላት ያፈራው የወሎ እስልምናም ነሕውና ሰርፍ (የቃል አመሠራረት ትምህርት) ሲያስቀራ የኖረ ነው። የሰርፍ ደረሳ (ተማሪ) “ፈዐለ” በሚል ሚዛን ሌላውን ቃል ሁሉ ይለካል። ሁለቱም ቤቶች ለልጁ የሚሰጡት አንድ ነገር ነው፤ ቃልን እንዳለ አትዋጠው፣ ሥሩን አውጣ።

ለምሳሌ “ከተበ”ን ውሰዱ። ወሎ ውስጥ ኪታብ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ክታብም እንዲሁ። ጤና ጣቢያው ደግሞ ሕፃናትን “ክትባት” አምጡ ይላል። ሦስቱም ከመጻፍ ስር ናቸው። ይህን የሚያይ ዓይን ያለው ልጅ አፒታይትና ኮምፒቲሽን አንድ ስር እንዳላቸው ለማየት አይቸገርም። ማንም ስላላሳየው ነው ያላየው። ጧት መድረሳ ወይም አብነት ቤት የተማረውን ከሰዓት ትምህርት ቤት ውስጥ የማይጠቅም ነገር አድርገነዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያለንን ሀብት ጥለን በፎቶ ኮፒ የሚባዛ ዝርዝር ይዘን ነው የምንሮጠው።

መምህራን ጊዜ የለንም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ክፍሉ ሞልቷል፣ የጠፋውን የትምህርት ጊዜ ለማካካስ ይሮጣሉ፣ መጽሐፉ አላለቀም። ግን ስር ማስተማር ከዝርዝሩ የበለጠ ጊዜ አይወስድም። በሳምንት አንድ ስር ይበቃል። “ፔቴሬ” ብቻውን ስምንት ዘጠኝ ቃል ይዞ ይመጣል። ሰሌዳው መሐል ሥሩን ጽፎ ተማሪው የሚያውቀውን ቃል ዙሪያውን እንዲያመጣ መጠየቅ ነው። አፒታይት ከቤት ይመጣል፣ ሲኦሲ ከታላቅ ወንድም ይመጣል፣ ሴንትሪፔታል ከፊዚክስ ደብተር ይመጣል።

አንድ አደጋ አለው፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም። የሚመሳሰል ሁሉ ዘመድ አይደለም። “ኢምፒድ” የሚለው ቃል፣ ማደናቀፍ፣ ለኢምፒተስ ወንድም ይመስላል። አይደለም። ሥሩ በላቲን እግር ነው፤ እግርን ማሰር፣ ማሰናከል። ለቤት እንስሳ የሚባለው “ፔት”ም ከ“ፔቴሬ” ጋር አይገናኝም። “ፔንስል” ከ“ፔን” ጋር የሚዛመድ የማይመስለው የለም፤ የመጣው ግን ብሩሽ ከሚል ሌላ የላቲን ቃል ነው። በግምት ዘመድ የሚያጋባ መምህር ተማሪውን ከሽምደዳው የባሰ ስሕተት ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ ከክፍል በፊት የቃሉን ምንጭ የሚናገር መዝገበ ቃላት ማየት ግድ ነው። ትልልቆቹ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከፍቺው አጠገብ ምንጩን ይጽፋሉ። ስልክ ላይ በነጻ የሚገኙም አሉ።

ከ“ፔቴሬ” ቀጥሎ ምን ይምጣ ለሚል እኔ “ሞቬሬ”ን አስቀድማለሁ፣ ማንቀሳቀስ። ሞተር፣ ሞሽን፣ ሞቲቭና ሞመንተም ሁሉም ከሱ ናቸው። ከዚያ “ፔሌሬ” ይከተላል፣ መምታትና መግፋት። ኢምፐልስ፣ ፕሮፔለር፣ ነርሷ እጃችን ላይ የምትቆጥረው ፐልስ፣ ተማሪ የሚፈራው ኤክስፔል መደረግም ከሱ ነው። በሦስት ሳምንት ሦስት ስር፤ የፊዚክስ መጽሐፍ ስለ እንቅስቃሴ ከሚጠቀምባቸው ዋና ዋና ቃላት አንዳንዶቹ በነዚህ ይፈታሉ።